በሰሜን፦ ባሕሩ

ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ዘንባባው ባለበት፣
ጠረጴዛ አለችኝ፣ አንድ እግሯ ብሎኬት።
ሃያ ሁለት ዓመት ጠብ ስጽፍ ኖርኩባት፤
በገጽ መቶ ብር ነው፣ ለድኻ በምርቃት።
የሚያለቅስ ሲመጣ፣ ስድቡን ቀንሼ፣
እንባውን በተራ ቁጥር ከፋፍዬ አልብሼ፣
«የክሱ ምክንያት» ብዬ እጀምራለሁ፤
ፊርማው ሲያርፍበት ሻዬን እጠጣለሁ።

በግንቦት ነው። መጣች ይታይሽ ውበቴ።
«ጻፍልኝ» አለችኝ፣ «የሞተው አባቴ፣
የበላው ወንድሜ።» ሌላ ቃል አልነበር።
ከፌስታል አወጣች አረንጓዴ ደብተር፦

አዋሳኝ
በምሥራቅ፦ አለልኝ ጓንጉል
በምዕራብ፦ የጥሩሰው ልጆች
በደቡብ፦ የሮቢት መንገድ
በሰሜን፦ ባሕሩ።

ያ የለካው ሰውዬ፣ ባሕሩ የመሰለው
እንደ ጎረቤት አጥሮ የተቀመጠ ሰው።
ባሕሩ ግን ይሄዳል፤ በበጋ ይሸሻል፣
ደንገሉን አስተኝቶ፣ ጭቃ ትቶ ይርቃል።
«ባሕር ሸሽ» ይሉታል፤ ጓያና ሽምብራ
ይበቅልበታል፣ ያለ ብዙ ሥራ።
እሱ ነው ያጣላቸው፣ ደብተር ላይ የሌለው፣
ዘንድሮ ሦስት ጥማድ፣ አምና አንድ የነበረው።

በሳምንቱ ደግሞ አንዳርጌን አየሁ፤
የያዘው መጥሪያ ላይ የራሴን እጅ አየሁ።
«ማን ጻፈው?» አለኝ። «ሰው» አልኩት፤ አልዋሸሁ።
ለእህቱ ጦር የሆነ እጄን ለእሱ ጋሻ አድርጌ
ጻፍኩ፣ ተናገረ፣ ጻፍኩ፤ ከፈለኝ አንዳርጌ፦
«አባቴን የጦርኩት፣ እኔ ነኝ ያዘልኩት፣
በሌሊት በባጃጅ ሐኪም ቤት ያደረስኩት።
እሷ አገባች፣ ሄደች፣ ጥሎሽ ተቀበለች፤
ዛሬ ከወደቀ ዛፍ ቅርንጫፍ ፈለገች።»

ዝማም፣ እናታቸው፣ መጣች በሰኔ።
«ክስ የለኝም» አለች። «አንብብልኝ ለእኔ።»
ሁለቱንም አነበብኩ፣ እስከ ፊርማው ድረስ፤
ዝም ብላ ሰማች፣ ሳታቃስት፣ ሳታለቅስ።
ደብተሩ ላይ ውበቴ፣ ከጎኑ ሌላ ሚስት፤
ዝማምን የፈቷት ከሾላ ሥር፣ ያለ አንዲት ወረቀት፣
ሦስት ሽማግሌ፣ አንዲት ጥጃ፣ ዝናብ።

«ያን ደንገል የነቀልኩት አንዱን አዝዬ፣ አንዷን አርግዤ።
ስሜ የት ነው?» አለች። ፈለግሁ፣ መነጽሬን ይዤ።
«የሟች ልጅ» ይላል የሷ፤ የሱም እንዲያው ይላል።
የሕያዋ ልጅ መሆን የት መስመር ይገባል?

ፍርድ ቤቱ ተዘጋ፤ ክረምቱ ዘነበ።
በጥቅምት ሲከፈት «መሬቱ ይታይ» ተባለ፤ መሐንዲስ ተመደበ።
እኔም ተከተልኩ። ማንም አልጠራኝም።

ስንደርስ፦ ባሕሩ።
ሦስቱም ጥማድ ውሃ፣ እምቦጭ ተንሳፍፎ።
ዓሣ አጥማጅ በታንኳ፣ በማሳው ላይ አልፎ፣
«ምን ጠፋባችሁ?» አለ፣ መቅዘፊያውን ደግፎ።
«የኔ እስከዚህ» አለ አንዳርጌ፣ እስከ ጉልበቱ ገብቶ፤
«እስከዚያ ነው!» አለች እሷ፣ ቀሚሷ ተነፍቶ።
መሐንዲሱ ጻፈ። በትከሻው በኩል አየሁት፦
«የሚለካ አልተገኘም።» ቃሉን ወደድኩት።

ስንመለስ ጭቃው ጫማዋን ዋጠው፤
አንዳርጌ ክንዱን ሰዶ፣ ጎትቶ አወጣው።
እስከ አስፋልቱ ድረስ፣ ሳይሰጣት፣ ይዞ ሄደ፤
ከእግሯ ሥር አኖረው። አላያትም። ባጃጅ ጠርቶ ነጎደ።
አላመሰገነችም። ጭቃውን ሳትጠርግ አጠለቀችው።
ይህ ከመዝገቡ የለም፤
ተራ ቁጥር ብሰጠው ማስረጃ አይሆንም።

ቀጠሮው ለታኅሣሥ ነው፣ ውሃው ሲሸሽ።
ትናንት ዝማም መጣች፣ መቶ ብር በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ፤
ቋጠሮውን ስትፈታ ጥርሷን ተጠቀመች።
«አሁን ጻፍ» አለች።
«ምን ብዬ?»
«አዋሳኝ ብለህ ጀምር። በሰሜን፦ እኔ፣ በል።»
ወረቀቱን በክርኔ ያዝኩት፤ ነፋስ መጣ ከባሕሩ በኩል።